አረንጓዴው እሺ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ቤቱ

ለድንቢጧ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ስለኔ አታስቢ። ጥርሴም ጉልበቴም ያሉበት አሉ፤ ከመካከላቸው የጎደለ ካለ ከድሮ ጀምሮ የምታውቂው ነው። ጣራው አላፈሰሰም። የደጁ ማጠፊያ ሲጮህ ዘይት አጠጥቼው ዝም ብሏል። ከጎረቤት ጋርም አልተጣላሁም፤ ፀጉር አስተካካዩን ከጎረቤት ካልቆጠርሽው ማለቴ ነው።

ማክሰኞ ስደውልልሽ «አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ገጹ ላይ ያስቸገረህን ነገር ሁሉ በጽሑፍ ላክልኝ፣ አስተካክለዋለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። ሰው ሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው፤ እኔም መጋዝ ይዤ ሳለ የሚያናግረኝን አልወድም። በጽሑፍ ካልሽ እንግዲህ ጽሑፍ ይኸው። አንቺ ያልሽው በስልክ ጽፌ እንድልክልሽ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ሞኝ አይደለሁም። እሱንም ሞክሬዋለሁ። ለእንጨት ሥራዬ ከከፈትሽልኝ ድረ ገጽ ግርጌ «አስተያየትዎን ይላኩልን» የሚል ሳጥን አለ አይደል? እዚያ ላይ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ስጽፍ ዋልኩ። ስለ ፊደሉ ጻፍኩ፣ ስለ ፎቶዎቹ ጻፍኩ፣ ልጨርስ ስል «የተሰጠዎት ጊዜ አልቋል» አለና ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደው። ልጄ፣ ጊዜ ስጠኝ ብሎ የለመነው ማን ነው? የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ይሁን፤ ሽማግሌ ሲጽፍ አታቋርጪው። ማቋረጥ ግድ ከሆነም የጻፈውን አስቀምጪለት፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥል።

ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ማንም አይጠርገውም። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናትሽ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ አንቺ ትምህርት ቤት በገባሽበት ዓመት ከጎንሽ አስቀምጣ፣ እርሳስሽን እየተዋስኩ። አሁን ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው ግን የሷ ጥፋት አይደለም፣ ጠረጴዛው ነው። አንዱ እግሩ አጥሯል። አናጺ ቤት እንዴት ጠረጴዛ ይወላገዳል እንዳትይኝ፤ የአናጺ የራሱ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ነገ ነው የሚጠገነው።

ስለ ድረ ገጽ ሥራ አንቺን መምከር ለቀባሪው አረዱት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የጠየቅሽኝ አንቺው ነሽ። በመጣሽ ጊዜ «ዋናው ተጠቃሚው የሚለው ነው፤ አባዬ፣ ተጠቃሚው አንተ ነህ» አልሽኝ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ከሰማ ወዲህ ስሜን ለውጦታል። ጠዋት በሩን ሲከፍት «ተጠቃሚው እንዴት አደሩ? ዛሬስ ምን ተጠቀሙ?» ይለኛል። ምላሱ ከመቀሱ ይቀድማል፤ ደንበኛ ያጣው ለዚህ ነው።

እስቲ ፊደሉን ለምን አደበዘዝሽው? ነጭ ላይ ግራጫ መጻፍ ጭጋግ ውስጥ በግ እንደ መፈለግ ነው። «ያምራል አባዬ፣ ዐይን አያደክምም» ብለሽኝ ነበር። የማንን ዐይን? ከመስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት፣ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ሳብ አድርጌ አየሁት፣ መጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ አነበበልኝ፤ እሱም ሁለት ቃል ዘልሎ ነው። ጥቁር አድርጊው። ከፍም አድርጊው። የሚያምረው ሲነበብ ነው።

ፎቶዎቹም አይቆሙም። አንዱን አይቼ ሳልጠግብ ሸርተት ይልና ሌላው ይመጣል፤ ሰልፍ ነው እንዴ? ቁም ሣጥን ሊያይ የመጣ ሰው የመጋረጃ ዘንግ ይመጣበታል፤ ወደ ኋላ ልመልስ ሲል ደግሞ ከገጹ ወጥቶ ራሱን ያገኘዋል። ሰው በገዛ ጣቱ ሲገፋው ይሂድ፣ ካልገፋው ይቁም። ላይ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ሰረዞች ጌጥ መስለውኝ ብዙ ቀን ሳደንቃቸው ነበር። ለካ በር ናቸው። በር ከሆኑ በር ይምሰሉ፤ አለዚያም «ዝርዝር» ብለሽ ጻፊባቸው። ሰው ሲገባ የሚጮህ ደወል ይደረግበት ያልኩሽንም እምቢ ብለሻል፤ «አባዬ፣ በድምፅ ሰው ይሸሻል» ነበር ያልሽው። እኔ አሁንም ደወል ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

ትዕዛዝ ይመጣል ወይ ብለሽ ከሆነ፣ ይመጣል። አልጋ የጠየቀ አለ፣ መደርደሪያ የጠየቀ አለ። እንጨቱ አልደረቀም እያልኩ አስጠብቃቸዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ «ይሄ እንጨት ወንዝ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው?» ይላል። እሱ የእንጨት ጠባይ አያውቅም። ዘንድሮ ደግሞ ቅዝቃዜው ክፉ ነው፤ ኮላ አይዝም፣ መሮም ቀጥ ብሎ አይሄድም።

እስካሁን ስዞር የቆየሁት አሁን በምነግርሽ ነገር ዙሪያ ነው።

በመጣሽ ጊዜ ፎቶ ስታነሺ ሥራ ቤቱን ጨርሰሽ ወደ መኖሪያው ገባሽ። መስኮቱ ሥር ያለችውን የእናትሽን ወንበርም አነሳሻት። «ከሠራኸው ሁሉ ይቺ ትበልጣለች» አልሽኝ፤ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። መታየቷን ብቻ ነው ያሰብኩት። ያቺን ወንበር አንቺ በሆድ ሳለሽ ነው የሠራኋት። እናትሽ እግሯ መሬት እንዲነካ ዝቅ አድርጌ፣ ስታጠባሽ ክርኗ እንዳይጋጭ የክንድ መደገፊያ ሳላወጣላት። አንድ ምስማር የለባትም። ጀርባዋ ላይ የለሰለሰውን ቦታ ያለሰለስኩት እኔ አይደለሁም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ማንም አይቀመጥባትም፣ እኔም አልቀመጥባትም። የፀጉር አስተካካዩ ድመት ብቻ በመስኮት እየገባች ትተኛባታለች፤ ድመትን ማን ያዝዛታል።

እንግዲህ በገጹ ላይ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «ይዘዙ» የሚል ቁልፍ አለ። አንቺ ለእናትሽ ወንበር ለይተሽ እንዳላስቀመጥሽው አውቃለሁ። አንዱ ከተሠራ ሌላው በራሱ ይባዛል ብለሽ አስረድተሽኝ ነበር። መባዛቱ ለቁም ሣጥን ደግ ነው። ግን ከመባዛቱ በፊት አንድ ሰው ፎቶዎቹን እየዞረ «ይሄ የሚሸጥ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ማሽን ይህን አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሰኞ ስልኩ ጮኸ። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለውን አነበብኩ፤ እሱ ትልቅ ነው። ከሱ በታች ያለው በዚያው በግራጫሽ ነው። ከሥር ሰፊ አረንጓዴ «እሺ» አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ትንኝ የምታክል አንዲት ቃል፣ «ተመለስ» እንደምትል በኋላ ነው ያወቅኩት። ጤና ይስጥልኝ ያለኝን ሰው በዝምታ ማለፍ አልለመድኩም። እሺ አልኩ።

ለካ አንዲት ሴት የእናትሽን ወንበር አዝዛ ኖሯል፤ ገጹ ወዲያው በኔ ስም ጻፈላት፤ «ትዕዛዝዎን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይውሰዱ» ብሎ። ፀጉር አስተካካዩ ሲያነብልኝ ነው የሰማሁት። በደስታ ያለው ማን ነው? አንድ ጊዜ እንኳ «እርግጠኛ ነዎት ወይ?» ሳይለኝ። ልጄ፣ አደራሽን፣ የሰው ነገር የሚወስን ቁልፍ ስትሠሪ መልሰሽ ጠይቂው። እሺና እምቢንም አታጎራብቻቸው፤ አንዱን ዝሆን ሌላውን ትንኝ አታድርጊ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለሻ ይኑረው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ግን አፍ እንኳ «ቆይ፣ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ይላል። ጣት ይህን አይችልም።

ማክሰኞ የደወልኩልሽ ለዚሁ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ «ስህተት ነው ይበሏት፣ አለቀ» አለኝ።

«እሺ ብያለሁ» አልኩት።

«እርስዎ አላሉም፣ ጣትዎ ነው ያለው።»

«ጣቴ የማን ነው?»

«አይ እርስዎ፣ ጌታው፣ ይሄ እኮ ስልክ ነው፤ መሐላ አይደለም። ሰው በቀን ስንቴ እሺ ይላል መሰለዎት? እኔ ሳላነብ ስንቱን እሺ ብያለሁ፣ እስካሁን ማንም መጥቶ ወንበር አልወሰደብኝም።»

«አንተማ ወንበርህን ማን ይፈልገዋል፤ የተቀመጠበት ሁሉ ተላጭቶ ነው የሚነሳው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። ተረቱ ነው፣ አንቺን አይንካሽ። ግን በዚህ ሰፈር እሺ ብሎ የሸሸ አናጺ አለ እንዲባል አልፈልግም።

ዐርብ

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር፤ ጠረጴዛው አላስጽፍ ብሎኝ።

ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጣና «ስልኩን ያምጡት፣ መሰረዣ አያጣም» አለ። ሰጠሁት። ተጫን አላልኩትም፣ አትጫንም አላልኩትም፤ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆምኩ። ሲፈልግ ሲፈልግ መሰረዣውን አገኘው። «ለመሰረዝ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ይላል። የይለፍ ቃሉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ስትሄጂ ነግረሽኛል፤ እኔም ይዤዋለሁ ብዬሻለሁ። አልያዝኩትም። «ረስተዋል?» የሚል አለ፣ እሱን ሲጫነው «አዲስ ቃል የሚያወጡበትን ወደ ኢሜይልዎ ልከናል» አለ። «የቱ ኢሜይል?» ይለኛል። ያቺ አንቺ የከፈትሽልኝ ናት፤ ቁልፏ አንቺው ዘንድ ነው። ደጋግሞ ቢጫነው ጊዜ ገጹ ተቆጣና «ብዙ ሞክረዋል፤ ቆይተው ይመለሱ» ብሎ አባረረን።

እንግዲህ ያ ሁሉ አንቺ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ብዙ መልእክት እንደሚመጣልሽ አውቃለሁ፤ ከመካከሉ አላየሽው ይሆናል። ለሚቀጥለው ሰው ግን እንዲህ አድርጊለት፤ ከሁሉም ገጽ ላይ ሰው የሚያነሳው አንድ ስልክ ቁጥር አኑሪ። የረሳን ሰው ደግሞ ወደ ረሳው ነገር አትመልሺው።

ፀጉር አስተካካዩ «ይደውሉላትና ይንገሯት፣ ልጅዎ አይደለች?» አለኝ። ስልኩን አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ስብሰባ ላይ ያለች ልጅን ስለ ወንበር ምን ብዬ ላናግር? በር አንዴ ይንኳኳል።

ከሰዓት በኋላ ድመቷን አስነስቼ ወንበሯን ወለወልኳት። ዘይት ላስነካት ብዬ ጀመርኩ፣ መሬት ላይ ስለፈሰሰብኝ ተውኩት። ጠርሙሱ አፉ ሰፊ ነው።

ቅዳሜ

መጡ፤ ሚስትና ባል። እሷ አስተማሪ ናት። ሆዷ ገፍቷል፤ ደረጃዋን ስትወጣ ባሏ ከኋላ እጁን ዘርግቶ እንደ ዋንጫ ይጠብቃታል። ፀጉር አስተካካዩ ሥራ የፈታ ስለሆነ እሱም በሩ ላይ ቆሟል። ልከፋባት አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

«ፎቶዋን ሳይ ሌላ ወንበር መፈለግ አቆምኩ» አለችኝ። «ልቀመጥ?»

«ተቀመጪ እንጂ ልጄ፣ ላንቺ አይደል እንዴ የተዘጋጀችው።»

ተቀመጠች። እግሯ መሬት ደረሰ። ጫማዋን አወለቀችና ዐይኗን ጨፈነች። «ውይ፣ ወገቤ» አለች። ባሏ እኔን አየኝ፣ ፀጉር አስተካካዩም እኔን ያየኛል፤ እኔ የማየው አጥቼ የመስኮቱን መዝጊያ አየሁ።

ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጀርባዋን ዳሰሰችው፤ ያንን የለሰለሰውን ቦታ። አስተማሪ ነገር አያመልጣትም።

«አባባ» አለችኝ፣ «ይቺ ሰሞኑን የተሠራች አይደለችም። ሰው ሲቀመጥባት ኖሯል።»

«ቆየት ብላለች» አልኩ።

«የቤትዎ ናት እንዴ?»

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠራረገ። በዐይኔ ገሠጽኩት።

«የቤትዎ ከሆነች አልወስዳትም» አለች። «ገጹ ተሳስቶ ይሆናል፤ ይሳሳታል። እሷን የምትመስል ሌላ ይሥሩልኝ። ገና ጊዜ አለኝ፣ እጠብቃለሁ።»

ልጄ፣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግልኝ? ያ ሁሉ ያጣሁት መመለሻ እሷ አፍ ውስጥ ነበረ። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ባሏም «አዎ፣ ግድ የለም፣ ልኳን ይውሰዱና ይሥሩልን» ብሎ ሜትሩን ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ጫፉን ይዤ ብዘረጋው ከወንበሯ ጠርዝ ላይ አልረጋ አለኝ፤ መልሼ ጠቀለልኩትና እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«አይሆንም» አልኳት። «ይቺ ትሻልሻለች። የደረቀ እንጨት ናት። እንደሷ ያለ እንጨት አሁን አይገኝም።»

«እውነት?»

«አናጺ ነኝ፣ ልጄ።»

ባሏ ወንበሯን መኪናው ላይ አሰራት። ገመዱን ለማጥበቅ ብጠጋ ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞኝ አጠበቀው፤ ቋጠሮው የማይረባ ነበር፣ እንዳለ ተውኩለት። ዋጋ ሲጠይቁኝ በኋላ በገጹ እንነጋገራለን አልኳቸው። እሷ ልትጨብጠኝ እጇን ዘረጋች፤ በሁለት እጄ ያዝኳት፣ እንዲህ ይሻላል። መልካም ይግጠማት።

ከሄዱ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለደም። «ቆይተው ይምጡና ፀጉርዎን ላስተካክልዎ» ብቻ አለኝ። ይሄ ሰው በነጻ ሠርቶ አያውቅም፤ ምን እንዳየብኝ እንጃ።

አሁን ስልኩ ላይ አዲስ መልእክት አለ። «ዕቃውን አስረክበዋል? ሲያረጋግጡ ፎቶው ከገጹ ይነሳል» ይላል። ቁልፉ ያው አረንጓዴ ነው። ይሄኛውን አልነካሁትም። ከሥሩ በግራጫ የተጻፈውን ግን ፀጉር አስተካካዩ አነበበልኝ፤ ካላረጋገጥኩ ገጹ ራሱ ያረጋግጣል ይላል። መቼ እንደሆነ አይናገርም። ፀጉር አስተካካዩ ፎቶዋን ወደ ስልኩ ሊያስቀራት ታገለ። እስኪያነጣጥር ድረስ ፎቶው ሸርተት እያለበት ያስቀረው የመጋረጃ ዘንጉን ነው።

ከመከርኩሽ ሁሉ አንዱንም ባትሰሚ ግድ የለኝም። ፊደሉም ይደብዝዝ፣ ደወሉም ይቅር። ይቺን የወንበሯን ፎቶ ግን ከገጹ አታንሺብኝ። ከሥሯ ያለውን ቁልፍ ንቀዪውና እሷ ትቆይ። የሌሎቹንም ቁልፍ አብረሽ ብታነሺው አልከፋም። ሱቁን ዘጋ ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ፤ በጠዋት እከፍታለሁ፣ ወለሉንም እጠርጋለሁ። ፎቶዋ አንቺ ጋ ሌላም ትኖር ይሆናል። እኔ ጋ ያለችው ግን እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ እስኪያልፉ ጠብቄ ነው የማያት።

ፖስታ ቤቱ ሰኞ ነው የሚከፈተው። ይሄ ወረቀት ይቅደም፣ ገጹ ይቅደም፣ አላውቅም።

ዐይንሽን ከስክሪኑ ቀና ስታደርጊ የሚጠብቅሽ ነገር መልካም ይሁን። የምትሠሪው ሥራ የሰው እጅ የሚያርፍበት ይሁንልሽ። የሚያደክምሽ ሳይሆን የሚያስቅሽ ሰው ከጎንሽ አይጥፋ። ፈጣሪ ካለሽበት ሆኖ ይጠብቅሽ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አልደርስበትም።

የማንም ሳይሆን ያንቺው
አባትሽ